ልጄን አምኜ ለማን ልስጥ? ስለ ኬጂ ጥራት፣ ፈቃድና ደኅንነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት አውጥቶ ለሌላ ሰው መስጠት ከባድ ነው። እኔም አልፌበታለሁ። ትምህርት ቤት ስመርጥ የግድግዳውን ቀለምና የመጫወቻውን ብዛት ነበር ያየሁት። መጠየቅ የነበረብኝን ያወቅሁት ልጄ ከገባች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወላጆች ስለዚሁ ጉዳይ ሲጠይቁኝ ቆይተዋል። ደጋግመው የሚነሱትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ፈቃድ ካለው አይበቃም?

አይበቃም። ፈቃድ የሚነግራችሁ ትምህርት ቤቱ ዝቅተኛውን መስፈርት ማሟላቱን ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው በመጣበት ቀን ክፍሎቹ ይበቁ ነበር፣ መጸዳጃው ንጹሕ ነበር፣ የሠራተኞቹ ሰነድ የተሟላ ነበር ማለት ነው። አስተማሪዋ የሚያለቅስ ልጅ እንዴት እንደምታባብል ፈቃድ ላይ አይጻፍም።

ፈቃድ የሌለውን ግን ጭራሽ አታስቡት። «ሒደት ላይ ነን፣ በቅርቡ ይወጣል» ቢሏችሁም ሲወጣ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3 ይህን በግልጽ ይላል። ሕፃናትን የሚንከባከቡ ተቋማት ሥልጣን ያለው አካል ያወጣውን መስፈርት ማሟላት አለባቸው። በተለይም በደኅንነት፣ በጤና፣ በሠራተኞች ብዛትና ብቃት እንዲሁም በቁጥጥር ረገድ። እንግዲህ ፈቃድ መጠየቅ የልጃችሁ መብት ነው። ማንም እንደ ተጠራጣሪ ሊያያችሁ አይገባም።

ፈቃዱን ሲያሳዩኝ ምኑን ልይ?

ብዙ ሰው ማኅተሙን አይቶ ያልፋል። ቆም ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ አድራሻው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ቅርንጫፍ ሲከፍቱ የዋናውን ፈቃድ ኮፒ ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ስሙ አንድ ነው፣ ቤቱ ግን ሌላ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለታየው ግቢ እንጂ ለስሙ አይደለም። ቀጥሎ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ከዚያ ስንት ልጅ እንዲይዝና ከስንት ዓመት ጀምሮ እንዲቀበል እንደተፈቀደለት። ከሦስት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች የተፈቀደለት ቦታ የአንድ ዓመት ሕፃን ከተቀበለ፣ ለሕፃን የሚሆን ዝግጅቱ ታይቶለት አያውቅም ማለት ነው። «በሁኔታ ላይ የተመሠረተ» ወይም «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ካለ ደግሞ ምን እንዲያስተካክሉ እንደታዘዙ ጠይቁ።

በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ቁጥሩን ይዛችሁ ፈቃዱን የሰጠውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ግማሽ ቀን ቢፈጅም አይቆጫችሁም።

«ዕውቅና አለን» ይላሉ። ከፈቃድ በምን ይለያል?

ፈቃድ ግዴታ ነው። ያለ እሱ በር መክፈት አይቻልም። የጥራት ዕውቅና ግን ትምህርት ቤቱ በራሱ ፍላጎት ከፍ ላለ መስፈርት ራሱን ሲያስመዝን የሚያገኘው ነው። ስለዚህ ማን እንደሰጠው፣ መቼ እንደሰጠውና መቼ እንደሚያበቃ ጠይቁ። ሰጪው አካል ክፍል ገብቶ አይቶ ነው ወይስ ክፍያ ብቻ ተቀብሎ ነው? ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

የስያሜም ነገር አለ። «ሞንቴሶሪ» የሚል ታፔላ ብዙ ቦታ ታያላችሁ። ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ሮም ውስጥ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ዘዴው በደንብ ሲሠራበት ግሩም ነው። ስሙን ታፔላ ላይ ለመጻፍ ግን በብዙ አገር የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ አስተማሪዎቹ በዘዴው የት እንደሠለጠኑ ጠይቁ። መሣሪያዎቹን ልጆቹ ራሳቸው ሲያነሱና ሲመልሱም እዩ። መደርደሪያ ላይ ተቆልፎባቸው ከሆነ ለእንግዳ የተዘጋጁ ናቸው።

የቀድሞ የቁጥጥር ውጤት ማግኘት እችላለሁ? ካገኘሁስ እንዴት ላንብበው?

አንዳንድ አገር ይህ ለሕዝብ ክፍት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሻሻለችው ሕግ ክፍላተ ግዛቶች የመዋዕለ ሕፃናት የቁጥጥር ውጤቶችን ኢንተርኔት ላይ እንዲያወጡ ታዛለች። እንግሊዝ ውስጥ ኦፍስቴድ የተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን ያትማል። ኢንተርኔት ላይ በማይገኝበት አገር ደግሞ ትምህርት ቤቱን ራሱን ጠይቁ። «ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት ተቆጣጣሪዎች የሰጧችሁን ደብዳቤ ላየው?» በሉ። ተቆጣጣሪ ግኝቱን ጽፎ ስለሚሄድ አንድ ኮፒ እዚያው ይኖራል።

ስታነቡት ግድፈቶቹን አትቁጠሩ። አንድም ጉድለት የሌለበት ሪፖርት ብርቅ ነው። ማየት ያለባችሁ የግድፈቱን ዓይነት ነው። የአንድ ሠራተኛ የሥልጠና ወረቀት ቀኑ ማለፉ የወረቀት ጉዳይ ነው። ልጆች ያለ ተጠባባቂ ክፍል ውስጥ ተገኙ የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ የልጅ ነው። የሠራተኞች ያለፈ ታሪክ አልተጣራም፣ የድንገተኛ መውጫ በር ተቆልፎ ተገኘ የሚሉትም እንደዚሁ።

ቀጥሎ ድግግሞሹን ተመልከቱ። ያው ጥፋት በሁለት ተከታታይ ዓመት ከተጻፈ ተነግሯቸው ትተውታል ማለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ከባድ ጥፋት ተጽፎበት በሳምንቱ ያስተካከለውን፣ ቀላል ጥፋት ለሦስት ዓመት ከተሸከመው እመርጣለሁ።

«እዚህ ልጅ ተጎድቶ ያውቃል?» ብዬ ብጠይቅ ነውር አይሆንም?

በፍጹም። እንዲያውም ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይሄ ነው።

ልጅ ባለበት ቦታ መውደቅና መላላጥ አይቀርም። እርስ በርስ ይነካከሳሉ። ግንባራቸው ያብጣል። ስለዚህ «እኛ ጋ አደጋ የሚባል ነገር የለም» የሚል ዳይሬክተር ደስ አያሰኘኝም፤ ያስፈራኛል። ወይ አይመዘግብም፣ ወይ አይነግርም። በአንጻሩ ደብተር አውጥቶ «ይሄው፣ ባለፈው ወር ሁለት ልጆች ከሸርተቴው ሥር ወድቀው ነበር፣ ከዚያ በኋላ አስተማሪ ቆሞ እንዲጠብቅ አደረግን» የሚላችሁ ሰው ታማኝ ነው።

የአደጋ መዝገብ የሚባለው ይሄ ደብተር ነው። የሌሎችን ልጆች ስም ሸፍነው አንድ ገጽ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ቀንና ሰዓት፣ ቦታው፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ፣ ምን እንደተደረገለትና ወላጅ በስንት ሰዓት እንደተነገረው መጻፍ አለበት። የወላጅ ፊርማም ካለ የበለጠ ጥሩ ነው። ሁሉም ገጽ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሕፈት የተሞላ ከሆነ ግን ለእናንተ ሲባል ትናንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

ልጄ አንድ ቀን ከንፈሯ ተሰንጥቆ ጠበቀችኝ። አስተማሪዋ በር ላይ ወጥታ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ «እኔ ዞር ባልኩበት ነው የወደቀችው» አለችኝ። በዚያች ሰዓት ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ያቺን አስተማሪ ከማንም በላይ አመንኳት። ልጄ ከዚያ በፊት የነበረችበት ቦታ ለአንድ ወር ያህል ክንዷ ላይ የንክሻ ምልክት ይዛ ስትመጣ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ለአንድ አስተማሪ ስንት ልጅ ነው ትክክለኛው?

አገሩ ያወጣው መስፈርት አለ፤ መጀመሪያ እሱን እወቁ። ለማነጻጸር ያህል፣ የአሜሪካ የሕፃናት ትምህርት ብሔራዊ ማኅበር ለጨቅላዎች የሚመክረው ለአንድ አዋቂ ከ4 ሕፃን እንዳይበልጥ ነው። ለአራት ዓመት ልጆች ለአንድ አዋቂ ከ10 እንዳይበልጥ፣ በአንድ ክፍል ያለው ቡድንም ከ20 እንዳያልፍ ይመክራል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ይረሳል። 40 ልጅ ከአራት አስተማሪ ጋር በአንድ አዳራሽ ማስቀመጥ በቁጥር ያው ነው፤ ጩኸቱና ግርግሩ ግን ልጅን ያደክመዋል።

ወረቀት ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ ራሳችሁ ቁጠሩ። የቢሮ ሠራተኛዋንና ጽዳቷን ደምረው የሚነግሯችሁ አሉ። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ረፋድ ላይ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ማለዳ ልጆች ሲገቡ፣ በምሳ ሰዓት፣ በመኝታ ሰዓትና አመሻሽ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንዲት ሞግዚት ብቻዋን ክፍሉን ሙሉ ይዛ ታገኟታላችሁ። ስለዚህ ሁለተኛ ስትሄዱ በመውጫ ሰዓት ሂዱ።

ልጎበኝ ስሄድ ምን ላይ ላተኩር?

ቢያንስ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ክፍል ውስጥ፣ ጥግ ላይ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ልጆቹም አስተማሪዎቹም ይረሷችኋል። ያኔ ነው እውነተኛው ቀን የሚጀምረው።

የአዋቂዎቹን ጉልበት እዩ። ይንበረከካሉ? ከልጁ ዓይን ጋር ዓይናቸው ይገጥማል? ወይስ ቆመው ከላይ ነው የሚናገሩት? ከዚያ አነጋገራቸውን ስሙ። «ተቀመጥ»፣ «ዝም በል»፣ «አትንካ» ብቻ ከሆነ የምትሰሙት፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ይሄንን ነው። ጥሩ አስተማሪ ትጠይቃለች፤ ጠይቃም ትጠብቃለች። የሦስት ዓመት ልጅ መልሱን እስኪያወጣ ጊዜ ይወስድበታል። ያቺን ዝምታ የምትታገሥ አስተማሪ ካገኛችሁ ትልቅ ነገር አገኛችሁ።

የሚያለቅስ ልጅ ሲኖር ሰዓታችሁን ተመልከቱ። ማን ሄደ? በምን ያህል ጊዜ? አቀፈችው ወይስ ከሩቅ «በቃ፣ በቃ» አለችው? አንድ ልጅ ሌላውን ሲመታስ? አስተማሪዋ ሁለቱንም ታነጋግራለች ወይስ አንዱን ግድግዳ ላይ ታቆማለች?

ድምፁንም አዳምጡ። ጤነኛ ክፍል ይንጫጫል፤ ግን አስተማሪ አይጮኽበትም። 20 ሕፃናት ያሉበት ክፍል ጸጥ ረጭ ካለ የታዘዙ ሳይሆን የፈሩ ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑም የሣለችው አስተማሪዋ ናት። ዛፉ ሰማያዊ፣ ሰውየው ሦስት እግር ሲሆን ነው ልጅ የሣለው።

ባለሙያዎችም እንዲሁ በማየት ነው የሚመዝኑት። ቴልማ ሃርምስና ሪቻርድ ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት፣ በብዙ አገር የሚሠራበት የምዘና መሣሪያ እያንዳንዱን ነገር ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጠዋል። መዛኙ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል። መጫወቻ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ልጆቹ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚደርሱበት ይመዘግባል። እናንተም በዚያው ዓይን እዩ።

ወላጅ በፈለገው ሰዓት ሳይናገር መምጣት ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ለበር ጥበቃ ሲባል መታወቂያ ማሳየት ያለ ነው። «በቀጠሮ ካልሆነ አይቻልም» ከሆነ መልሱ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ግቢውና ቤቱስ? አደጋ የሚያመጣው የትኛው ነው?

በመጫወቻ ሜዳ ላይ ልጅን በብዛት የሚጎዳው መውደቅ ነው። ስለዚህ ከዥዋዥዌው ቀለም በፊት ከሥሩ ያለውን እዩ። ሲሚንቶ ወይም የተደመደመ መሬት ከሆነ አይሆንም። አሸዋ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የጎማ ምንጣፍ መኖር አለበት፤ ከመጫወቻው ጠርዝ 1.8 ሜትር ያህል ወጣ ብሎም መነጠፍ አለበት። የአጥርና የደረጃ መደገፊያ ብረቶች ክፍተትም ይታያል። ከ9 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍተት የልጅ ሰውነት ያሳልፍና ጭንቅላቱን ይይዛል።

ውኃ ያስፈራኛል። ሕፃን ጥቂት ሴንቲ ሜትር በሆነ ውኃ ውስጥ፣ ያለ ምንም ድምፅ ሊሰምጥ ይችላል። ባልዲ ተሞልቶ የተቀመጠበት፣ የጉድጓድ ክዳን የላላበት ግቢ ካያችሁ እዚያው ተናገሩ። የሚፈላ ነገር ልጅ በማይደርስበት ይሁን። የቧንቧው ሙቅ ውኃ ከ49 ዲግሪ ሴልሺየስ ባይበልጥ ይመከራል።

የቀረውን በፍጥነት ማየት ትችላላችሁ። በረኪናና መድኃኒት ተቆልፎባቸዋል? ሶኬቶቹ ተሸፍነዋል? ቁም ሣጥኑና መደርደሪያው ግድግዳ ላይ ታስረዋል? የመጋረጃ ገመድ አልጋ አጠገብ ተንጠልጥሏል? የእሳት ማጥፊያው መቼ ነው የታየው? ቤት ሲቃጠል ልጆቹን በየት በር እንደሚያወጧቸው ሞግዚቷን ጠይቋት፤ ዳይሬክተሩን ሳይሆን እሷን። በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚለማመዱም እሷው ትንገራችሁ።

ምግብና እንቅልፍ ላይ ምን ልጠይቅ?

ስለ ትንታ ጠይቁ። ወይን ዘለላ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንድሻና ጠጣር ከረሜላ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አደገኛ ናቸው። ወይን ሙሉውን ሳይሆን በቁመቱ አራት ቦታ ተቆርጦ ነው መቅረብ ያለበት። ልጆች ሲበሉ ተቀምጠው፣ አዋቂም አብሮ ተቀምጦ መሆን አለበት። ሲታነቅ ምን እንደሚደረግ የሠለጠነ ሰው ሁልጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። «ነርሷ ትችላለች» ከሆነ መልሱ፣ ነርሷ የማትገባበትስ ቀን? አለርጂ ያለበት ልጅ ካላችሁ ወጥ ቤት ገብታችሁ ዝርዝሩ የት እንደተለጠፈ በዓይናችሁ እዩ።

ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛል። ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ልቅ ብርድ ልብስና ያለ አሻንጉሊት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተጀመረ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። «በሆዱ ቶሎ ይተኛል» የምትል ሞግዚት ክፉ ሆና አይደለም። አልሠለጠነችም። ያላሠለጠናት ግን ትምህርት ቤቱ ነው።

ልጄን ማን እንደሚወስዳት እንዴት ይቆጣጠራሉ?

ልጁን እንዲወስዱ የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም ተጽፎ፣ ፎቶ ተያይዞ መቀመጥ አለበት። አንድ ቀን ሳትናገሩ የማያውቁትን ዘመድ ላኩና እዩ። ዝም ብለው ከሰጡት ነገ ለማንም ይሰጣሉ። ቢከለክሉት ዘመዳችሁ ቅር ይለዋል፤ እናንተ ግን ደስ ይበላችሁ።

ሰርቪስ የሚጠቀም ልጅ ካላችሁ ሾፌሩ ብቻውን ነው ወይስ ረዳት አለው? ልጆቹ ሲገቡም ሲወርዱም በስም ይጠራሉ? ካደረሱ በኋላ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዶ ያያል? የተዘጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ድምፅ የለውም።

ቶሎ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምረው አይሻልም?

ይህን የሚጠይቁኝ ወላጆች ለልጃቸው ከማሰብ ነው፤ ይገባኛል። ግን የሦስት ዓመት ልጅ የሚማረው በእጁ፣ በእግሩና በአፉ ነው። ስሙ በጣም የሚነሳው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ፣ ሚቺጋን ክፍለ ግዛት ይፕሲላንቲ ከተማ ውስጥ የተጀመረው የፔሪ ቅድመ መደበኛ ጥናት ነው። 123 ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ልጆችን ከፋፍሎ እስከ 40 ዓመታቸው ድረስ ተከታተላቸው። ኬጂ የገቡት ካልገቡት ይልቅ ትምህርታቸውን ጨረሱ፣ የተሻለ ገቢ አገኙ። እዚያ ልጆቹ የሚሠሩትን ራሳቸው ያቅዱ ነበር፣ ይሠሩታል፣ ከዚያ ስለ ሠሩት ያወራሉ። አስተማሪዎቹ በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ እናቶችን ያገኙ ነበር።

የቀኑን ፕሮግራም አይታችሁ እንቅስቃሴውን ደምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ተቀምጦ ስክሪን ማየት ደግሞ ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ቲቪው ቀኑን ሙሉ የሚበራበት ኬጂ ሞግዚት የቀጠረው ቲቪውን ነው።

ይቀጡ እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

«ትመታላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አይ» ነው መልሱ። «ትናንት ያስቸገረ ልጅ ነበር? ምን አደረጋችሁ?» በሉ። ዝርዝሩ ውስጥ እውነቱ ይወጣል። መምታት፣ ማስፈራራት፣ ምግብ መከልከል፣ ጨለማ ክፍል መዝጋት፣ በሱሪው ላይ የሸናን ልጅ ማሳፈር በፍጹም ተቀባይነት የላቸውም።

ከገባ በኋላ ምን ልከታተል?

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማልቀስ የተለመደ ነው። ከወር በኋላም የሚብስ ከሆነ፣ እንቅልፍ ከነሳው፣ የተወውን አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ፣ ወይም የአንድ ሰው ስም ሲነሳ ከተደበቀ አትለፉት። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ከማለት «ማን አጠገብ ተቀመጥክ? ማን አለቀሰ? አስተማሪዋስ ምን አለችው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆች የራሳቸውን ባይናገሩ የጓደኛቸውን ይናገራሉ።

የአስተማሪዎቹንም መቀያየር ቁጠሩ። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ አስተማሪ የተቀየረችበት ልጅ ሦስት ጊዜ ከሚወደው ሰው ተለይቷል። ለምን እንደሚለቁ ዳይሬክተሩን ጠይቁ፤ ከቻላችሁ የለቀቀችውንም።

አንድ መጥፎ ነገር ባይ ለማን ልናገር?

ነገሩ የሚስተካከል ከሆነ መጀመሪያ ለአስተማሪዋ፣ ቀጥሎ ለዳይሬክተሩ፣ በጽሑፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። መልሳቸውንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ልጅ ከተመታ፣ ከተረሳ፣ ወይም ገላው በማይገባ መንገድ ከተነካ ግን ከዳይሬክተሩ ጋር ሽምግልና አትቀመጡ። ልጁን በዚያው ቀን አውጡ። ጉዳት ካለ ሐኪም ይየው፤ ማስረጃውን ያዙ። ለፖሊስና ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት አመልክቱ። ልጁን ደጋግማችሁ አትመርምሩት፤ አንድ ጊዜ የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፉት። «ስማችንን ታጠፋላችሁ» ይሏችሁ ይሆናል። የናንተ ማመልከቻ ካልተመዘገበ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ወላጅ መዝገቡን ሲጠይቅ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።